ከካሴት እስከ ዋይፋይ፦ ከዶሃ ወደ ቤት የደወልንባቸው ዓመታት

ይኼን ጽሑፍ ቤቱ ሲተኛ በሦስት ሌሊት ቆራርጬ ነው የጻፍኩት፣ ስህተት ካለው እለፉኝ። ዓመተ ምሕረቱን እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆቹ አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት እህት ጥያቄ ነው። አሠሪዎቿ ለበጋው እረፍት ወደ ደሴት ሊሄዱ ነው፣ ልጆቹን እንድትይዝ እሷንም ይወስዷታል። «እዛ ኢንተርኔት በርካሽ እንዴት ነው የማገኘው? እናቴን በየቀኑ ካላየኋት አልችልም» አለችኝ። ሲም ግዢ፣ ዋይፋይ ጠይቂ ብዬ በአንድ መስመር ልመልስላት ነበር። ግን እኔም በ2023 እንደዚሁ ደሴት ሄጄ የደረሰብኝ ነገር አለ። እሱን ሳልነግራት ምክር ብቻ ብሰጣት የደበቅኳት መሰለኝ። እሱን ለመናገር ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት እህቶች እንዴት ይደውሉ እንደነበር ማንሳት ግድ ሆነ። ስለዚህ ረዘመ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ዶሃ ዌስት ቤይ ነው፣ ከፎቆቹ በአንዱ 27ኛ ፎቅ ላይ። ይኼ ሰፈር ራሱ ከባሕር የተወሰደ መሬት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የባሕሩን ወለል እየቆፈሩ፣ አፈሩን እየሞሉ ነው ያወጡት። አንዱን ክፍል «ዳፍና» ይሉታል። በዐረብኛ የተሞላ፣ የተደፈነ እንደማለት ነው። የእኛው «ደፈነ» ዘመድ ነው፣ ቃሉን ስሰማ ደስ ይለኛል። ፒራሚድ የሚመስለው ሸራተን ሆቴል በ1982 ሲከፈት ዙሪያው ባዶ ነበር ይላሉ። ዛሬ ከፎቅ ብዛት ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። በሰሜን በኩል በ2004 መሥራት የጀመሩት ሰው ሠራሽ ደሴት፣ ፐርል፣ አለ። ከባሕሩ ውስጥ ደግሞ ባናና የሚሉት ደሴት አለ፣ በጀልባ 25 ደቂቃ ያህል ነው። አርብ አርብ ሰው በጀልባ ሳፍሊያ ደሴት ሄዶ ሲዋኝ ይውላል። እና ደሴት ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም፣ የሰው ልብስ ስንተኩስ በመስኮት የምናየው ነው።

የካሴት ዘመን

እዚህ አንዲት ታላቃችን አለች። ስሟን አልጽፍም፣ እኛም «እትዬ» ብቻ ነው የምንላት። ዶሃ የገባችው በ1994 ነው። ያኔ ከሀገር ጋር የሚያገናኘው ደብዳቤ ነበር። ኮርኒሽ ዳር ያለውን ትልቁን ፖስታ ቤት ታውቁታላችሁ፣ ከሩቅ ሲያዩት የእርግብ ቤት የሚመስለውን። እትዬ በዓመት ሁለቴ ሾፌሩን ለምና እዛ ትሄድ ነበር። እኛ ሀገር ደግሞ ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም፣ ሳጥን ቁጥር ያስፈልጋል። ገበሬ ምን ሳጥን አለው? ደብዳቤው በአንድ ነጋዴ ወይ በትምህርት ቤት ሳጥን ይገባና የገበያ ቀን ሰው ሲገኝ ይላካል። አንብቦ የሚነግርም ሰው መፈለግ አለበት። መልሱ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይፈጃል።

ከደብዳቤ የሚሻለው ካሴት ነበር። ወደ ሀገር የምትሄድ እህት ስትገኝ እትዬ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ድምፅዋን ትቀዳለች። አንዱ ፊት ለእናቷ፣ ሌላው ፊት ለእህቶቿ። እናቷ ሰምተው ሲያበቁ ባዶ ካሴት ስለሌላቸው እዛው ላይ ደርበው መልሱን ይቀዳሉ። የእሷ ድምፅ ይጠፋል፣ የእናቷ ይገባል። አንዱን ካሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላለሱበት። «የእናቴን ቃል ሳይሆን ከኋላ የሚጮኸውን ዶሮ ነበር ደጋግሜ የምሰማው» ትላለች።

ያኔ መርዶም እንደ ደብዳቤው ነበር የሚጓዘው። የእትዬ ወንድም የሞተው በጥቅምት ነው፣ የሰማችው ግን ሰባት ወር ቆይቶ፣ ከፈቃድ ከተመለሰች ልጅ አፍ ነው። በመሐል ለእሱ ሸሚዝ ገዝታ ልካለት ነበር። ቤተሰቦቿ ሸሚዙን ተቀብለው ዝም አሉ። ይኼን ስትነግረኝ ሳትከፋባቸው ነው። «ምን ያድርጉ? በካሴት መርዶ ይነገራል?» ነው ያለችኝ። በሀገራችን ደንብ መርዶ ሰው ይዞት ይመጣል። ጎህ ሳይቀድ፣ ብዙ ሆነው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው። ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። አስቀምጡልኝ ይኼን፣ እመለስበታለሁ።

የካርድና የሚስኮል ዘመን

ስልክ በኳታር በኩል በዛን ጊዜ የአንድ ድርጅት ብቻ ነበር፦ በ1987 የተቋቋመው ኪውቴል። በመንገድ ዳር ስልክ በካርድ መደወል ይቻል ነበር። ችግሩ ማዶ የሚያነሳው ሰው ነው። ቤት ውስጥ ስልክ ያለው ስንቱ ነው? አስቀድመሽ በደብዳቤ ወይ በሰው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ደሴ ቴሌ ጠብቁኝ» ትያለሽ። እነሱ ከሐይቅ ተነስተው ደሴ ገብተው ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። ያቺን ቀን ማዳም እንግዳ ከጠራች አለቀ፣ እናትሽ ጠብቀው ጠብቀው ይመለሳሉ። ደውለሽ ከተገኙም አሥር ደቂቃው ከሳምንት ደሞዝ ያላነሰ ይበላ ነበር ትላለች እትዬ። ግማሹ ደግሞ በለቅሶ ነው የሚያልቀው።

ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው በ1999 አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ገጠር ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት። በ2005 ሀገር ቤት የስልክ ቁጥር ሁሉ ተቀይሮ ረዘመ። እዚህ ያሉት እህቶች በወረቀት ጽፈው የያዙት ቁጥር በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። በዚያው ዓመት ከምርጫው በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተቋርጦ እስከ 2007 ቆየ። ሌላው ዓለም ቴክስት ሲላላክ እኛ ቴክስት እንኳን አልነበረንም። ኢንተርኔትማ ኳታር በ1996፣ ኢትዮጵያ በ1997 ገብቶ ነበር። በወረቀት ደረጃ ሁለቱ የተራራቁት በአንድ ዓመት ብቻ ነው። በእኛ ቤት ግን አንዱ ዓመት አሥራ አምስት ዓመት ሆነ።

በ2009 ቮዳፎን ኳታር ሥራ ጀመረና ኪውቴል ብቻውን መሆኑ ቀረ። ኪውቴልም በ2013 ስሙን ኡሪዱ አለ። ሁለት ሲሆኑ ዋጋው ወረደ፣ ካርዱም በየሱቁ ሆነ። እኔ የመጣሁት በመሐሉ ነው፣ በ2012። ሀገራችን በ2013 ወደ ዐረብ ሀገር ለሥራ መሄድን ሳታግድ በፊት።

የመጀመሪያው ቤቴ ዌስት ቤይ አልነበረም። በገባሁበት ቀን ስልኬን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አርብ ከምሳ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጠኛል። ሲሙ በባባ ስም የወጣ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፣ የእኔ መታወቂያ ደግሞ በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ በሚስኮል ቋንቋ ተስማማን። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደህና ነኝ። ሁለቴ ከሆነ ገንዘብ ልኬአለሁ። ሦስቴ ከሆነ ችግር አለ፣ እናንተ ደውሉ። አባቴ ሚስኮሉን ይቆጥር ነበር። ኔትወርክ ሲቆራረጥ አንዴ የደወልኩት ሦስቴ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ቀን አለ። አባቴን በዚህ ነው የማስታውሰው፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሲቆጥር።

ዋይፋይ ሲመጣ

ከዛ ኢሞ መጣ። ቫይበርም ዋትስአፕም ነበሩ፣ ግን ኢሞ በደካማ ኔትወርክ በርካሽ ስልክ ስለሚሠራ የእኛ ሰው ሁሉ እሱን ያዘ። እዚህ አንዱ መደወያ አንድ ሰሞን ይሠራል፣ ሌላ ሰሞን እንቢ ይላል፣ ወደሚሠራው እንሻገራለን። ታናሽ ወንድሜ አነስ ያለች ስማርት ስልክ ገዛና አባቴ መጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሲያየኝ ያለው ምን ይመስላችኋል? «ከሳሽ» ነው ያለኝ። አራት ዓመት ስልክ ላይ «ወፍሬአለሁ» ስለው የነበርኩት ሴትዮ አፈርኩ።

ወደ ዌስት ቤይ የመጣሁት በ2019 ነው፣ ወደ አሁኖቹ ሰዎች። ስልኬን አልነኩብኝም። ግን የቤቱን ዋይፋይ ኮድ የሚሰጠኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይኼ አለመጠየቅ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። የሠራተኛ ክፍሉ ከኩሽና ጀርባ ነው፣ መስኮት የለውም፣ የሞባይሉም ኔትወርክ እዛ ይሞታል። ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ደረጃው ጋ ቆሜ የምትመጣውን አንድ መስመር እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ኮዱን የሰጠችኝ የስድስት ዓመቷ ልጅ ናት። እጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። ዕቃ ሳጥብ ሊጠፋ ሲል ሮጬ በወረቀት ገለበጥኩት።

ከቤት ውጪ ያሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ኣይፓርክ የሚባል በሕዝብ መናፈሻ የተዘረጋ ነፃ ዋይፋይ ነበር። የገበያ አዳራሾቹም አላቸው። ሲቲ ሴንተር ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፣ ኮድ በሜሴጅ ይልክልሻል፣ ከምግብ ቤቶቹ ፎቅ ወንበር ይዘሽ መቀመጥ ነው። በ2019 ሜትሮው ሲከፈት በ2 ሪያል ከሰፈር ሰፈር መሄድ ተቻለ። አርብ ያኔ የሚጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበርና በሙቀቱ ከበሩ ፊት ተሰልፈን የምንጠብቀው ማን እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። ሀበሻ፣ ፊሊፒኖ፣ ኬንያ፣ ሁላችንም የስልክ ቻርጀር ይዘን።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር ልንገራችሁ። ኳታር ከ2013 ገደማ ጀምሮ ለስደተኛ ሠራተኞች ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በመኖሪያ ካምፓቸው የሚያስገባ ፕሮግራም ነበራት፣ በእንግሊዝኛው «ቤተር ኮኔክሽንስ» የሚባል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ብዙ ወንዶች ከቤተሰባቸው ጋር ተገናኝተውበታል። ግን በካምፕ ነው የተሠራው። እኛ ካምፕ የለንም። እኛ የምናድረው ሰው ቤት ነው፣ አንድ ፎቅ ላይ መቶ ሆነን ብንኖር እንኳን መቶ ቦታ ተበትነን ነው። ስለዚህ አዳራሹም ኮምፒውተሩም አላገኘንም። በ2018 ደግሞ ኡሪዱ 5ጂን ለገበያ በማቅረብ በዓለም የመጀመሪያው ነኝ ብሎ አወጀ። በዓለም ፈጣኑ ኢንተርኔት ከራሳችን በላይ እያለፈ፣ እኛ ደረጃ ጋ ቆመን አንድ መስመር እንጠብቅ ነበር። የኔትወርክ እጥረት አልነበረም። በሩን የሚከፍት ሰው ነው ያጣነው።

ደሴቱ

በ2023 ኦገስት 1 ቀን ከእነ ማዳም ጋር ማልዲቭስ ሄድን። አባቴ ከሰኔ ጀምሮ ታሞ ነበር። ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል፣ ኩላሊት ነው አሉ። በየማታው በኢሞ አየው ነበር። ማዳሜን «አባቴ ታሟል፣ እዛ ኢንተርኔት አለ ወይ?» ስላት «ደሴቱ ላይ ሁሉም ነገር አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማልዲቭስ ከሺህ በላይ ትንንሽ ደሴቶች ያሏት ሀገር ናት። ቱሪስት መቀበል የጀመረችው በ1972 ነው፣ አንድ ደሴት አንድ ሆቴል ነው። ደሴት ላይ ኢንተርኔት ለምን ይወደዳል ብትሉ፣ ገመዱ በባሕር ሥር መምጣት አለበት። ማልዲቭስ የባሕር ሥር ገመድ ያገኘችው በ2006 አካባቢ ነው፣ ከዛ በፊት በሳተላይት ነበር። ገመድ ከተቆረጠ ደግሞ ደሴት ያልሆነውም ደሴት ይሆናል። በ2008 መጀመሪያ ግብፅ እስክንድርያ አካባቢና እዚሁ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ገመዶች ተጎድተው ከግብፅ እስከ ሕንድ ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር።

አየር ማረፊያው ስንወርድ ሲም የሚሸጡ ድርጅቶች መደርደሪያ አለ። አንዱ ኡሪዱ ይላል። ደስ አለኝ፣ የዶሃ ሲሜ የሚሠራ መሰለኝ። እህቶች ይኼን ልብ በሉ፦ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የማልዲቭስ ኡሪዱ የራሱ ሲም አለው፣ የዶሃው ሲም እዛ እንግዳ ነው፣ ሮሚንግ ይባላል። የቱሪስት ሲም ዋጋውን ጠየቅኩ፣ የሦስት ቀን ደሞዜ ነበር። እሱንም ልገዛ ስል ፓስፖርት አሉኝ። ፓስፖርቴ ማዳሜ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ማዳሜ ደግሞ ጀልባው ጋ ደርሳለች፣ ትንሹ ልጅ በእጄ ላይ ያለቅሳል። ተውኩት። የዛን ሌሊት ስልኬ ዳታው ክፍት ሆኖ ኖሮ እኔ ተኝቼ እሱ መተግበሪያ ሲያድስ አደረ። ጠዋት የሞላሁት 60 ሪያል ዜሮ ነው።

የሆቴሉ ዋይፋይ በክፍል ቁጥርና በእንግዳው ስም ነው የሚከፈተው። እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የማድረው፣ የክፍሉን ቁጥር አውቃለሁ፣ የተመዘገበው በማን ስም እንደሆነ ግን አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ፎጣ የሚያድል አንድ የባንግላዴሽ ልጅ፣ እንደ እኛው ሠራተኛ፣ አሳየኝ። «ነፃ ነው፣ ለክፍሉ ሰው ሁሉ ነው» አለኝ። ገባሁ። እንደዛ ያለ ፈጣን ኢንተርኔት አይቼ አላውቅም። ባሕሩ ላይ በእንጨት በቆመ ቤት ውስጥ ሆኜ ቪዲዮው አይቆራረጥም።

ኢሞ ደወልኩ። ይጠራል አይልም፣ አይነሳም። ኦገስት 4 ነበር፣ በእኛ ሐምሌ 28 ቀን 2015። ጥፋቱ የደሴቱ መሰለኝ። ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ከፍ አድርጌ አሸዋው ላይ ከዚህ እዛ ሄድኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ኢሞን አውርጄ መልሼ ጫንኩት። ሦስት ቀን። ከዛ ነው ፌስቡክ ላይ ያነበብኩት፦ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፣ ውጊያ አለ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ይኼ መቋረጥ በብዙ ቦታ ወደ ዓመት የሚጠጋ ነው የቆየው። እኔ ደሴት ላይ ሆኜ ኢንተርኔት ስፈልግ ደሴት የሆነው ሀገሬ ነበር።

የሐይቅን ሰው ብትጠይቁ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ውሃው መሐል ያለ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ተያይዟል። እኛ ሴቶች ባንገባበትም ከልጅነቴ ጀምሮ ከማዶ ሳየው ነው ያደግኩት። የዛን ማታ ባሕሩን እያየሁ የታሰበኝ እሱ ነው። ደሴት የሆነ ቦታ ይያያዛል፣ የተያያዘም መልሶ ደሴት ይሆናል።

ተራ ስልክ አልሞከርኩም ወይ? ሞክሬአለሁ። ዌስት ቤይ ያለች ጓደኛዬ ከዛ ሆና 50 ሪያል ሞላችልኝ። በሮሚንግ ደወልኩ፣ የሐይቁ ቁጥር አልገባ አለ። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ጋ ገባ። «ደህና ናቸው፣ ኔትወርክ ነው ልጄ» አለኝ። ሂሳቤ አለቀ። በነጋታው በዋይፋይ በኢሞ ደወልኩለት። ቪዲዮ ክፈት ስለው «ካሜራው ተበላሽቷል» አለኝ። ድምፁን ሰማሁት። አወቅኩም፣ አላወቅኩም። ከዛ በኋላ ስምንት ቀን ልጆች አጠብኩ፣ ክሬም ቀባሁ፣ ዛጎል ለቀምኩላቸው።

ዶሃ ከተመለስን በኋላ ባለው አርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከታች ከጥበቃው ተደወለ። ሰዎች መጥተዋል አለ። በሩን ስከፍት እትዬ ናት፣ ከኋላዋ ሦስት የወሎ ልጆች። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ከዛ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማዳሜ በእንቅልፍ ልብሷ ወጥታ ግራ ገብቷት ቆመች፣ ከዛ ሲገባት እኛ ወለሉ ላይ ወደተቀመጥንበት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ ያረፈው ኦገስት 6 ነበር።

የእናቴን ድምፅ ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የአጎቴ ሚስት አዲስ አበባ ሆና የእናቴን የቁልፍ ስልክ ደወለች፣ ሁለተኛ ስልክ አፍ ለአፍ ገጥማ ቀዳችው፣ በኢሞ ላከችልኝ። እናቴ «አይዞሽ፣ በደንብ ቀብረነዋል፣ ሰው ሞልቶ ነበር» ትላለች። ከእትዬ ጋር ሆነን ነው የሰማነው። እትዬ ሲያልቅ ዝም ብላ ቆይታ «ይኼ እኮ ካሴት ነው» አለች።

አጎቴን ተቀይሜው ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። ደንቡን ነው የጠበቀው። ብቻዬን፣ በሌሊት፣ በሰው ደሴት ላይ መርዶ ቢነግረኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር? ግን የድሮና የአሁን አንድ አይደለም። በእትዬ ጊዜ ዝምታ የተለመደ ነበር፣ ሰባት ወር ዝም ቢባል ማንም አይደነግጥም። እኛ ግን በየማታው ፊታቸውን እያየን ለምደናል። አንድ ቀን ፊታቸው ሲጠፋ ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ለእኛ መዝናኛ አይደለም የምለው።

ለጠየቅሽኝ እህት

አንደኛ፣ ለእረፍት የሚሄዱት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ለሥራ ነው የምትሄጂው። በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 15፣ በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት፣ በዓመት ሦስት ሳምንት ፈቃድ ይላል። የደሴቱን ጉዞ እንደ ፈቃድሽ እንዳይቆጥሩብሽ ከመሄድሽ በፊት ተነጋገሪ።

ሁለተኛ፣ ፓስፖርትሽ ያንቺ ነው፣ በእጅሽ ይሁን። ያለ እሱ ሲም አይሸጡልሽም።

ሦስተኛ፣ ከመነሳትሽ በፊት የስልክሽን ሮሚንግ ዳታ ዝጊ፣ መተግበሪያዎች በራሳቸው እንዳይታደሱ አድርጊ። ስልክሽ ኢሲም የሚቀበል ከሆነ ዶሃ እያለሽ በዋይፋይ ግዢ፣ የብዙ ቀን ሳይሆን ትንሹን። የአየር ማረፊያ ሲም ከገዛሽ ዳታ ብቻ ነው ወይስ ወደ ውጭ መደወያም አለው ብለሽ ጠይቂ። የሁለቱ ዋጋ የተለያየ ነው።

አራተኛ፣ ሆቴሉ ጋ እንደደረስሽ የክፍሉን ዋይፋይ ጠይቂ። በብዙ ሆቴል ለእንግዳ ነፃ ነው፣ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ነው። አታፍሪ። ማዳምሽን መጠየቅ ከከበደሽ ፎጣ የሚያድሉትን ልጆች ጠይቂ፣ ያግዙሻል። እና በነሱ ስልክ ወይ ኮምፒውተር የራስሽን ፌስቡክ ከፍተሽ አትርሺ፣ ዝጊው።

አምስተኛ፣ ይኼ ዋናው ነው። ኢንተርኔት ሁለት ጫፍ አለው፣ አንቺ የምትገዢው የራስሽን ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት መሐል ላይ የሚቆም ሰው ምረጪ፣ አዲስ አበባ ወይ ሌላ ከተማ፣ ኢንተርኔትም ተራ ስልክም ያለው። የእናትሽን የቁልፍ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፊ። ዶሃ ያለች አንዲት ጓደኛሽ ሂሳብ እንድትሞላልሽ ቁጥርሽን ስጫት። እና ለዛ ለመሐሉ ሰው አስቀድመሽ ንገሪው፦ አንድ ነገር ቢሆን እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ እስክትመለሺ ይጠብቅ? እኔ አልተናገርኩም ነበር። አጎቴም ብቻውን ወሰነ፣ ሸክሙን ብቻውን ተሸከመ።

እኔ አሁን ለአጎቴ ነግሬዋለሁ። ስለ እናቴ የሆነ ነገር ቢኖር መጀመሪያ ለእትዬ ይደውል፣ እሷ ሰው ይዛ ትምጣ፣ ግን በዛኑ ቀን። ባሕር ማዶ ብሆን እንኳን እትዬ በስልክ ትሁን፣ ብቻዬን አልሁን። እናቴም ተስማምታለች። ሳቀችብኝና «እኔን ቀብረሽ ጨረስሽ?» አለችኝ።

እናንተስ እህቶች፣ የመጀመሪያ ጥሪያችሁ በምን ነበር? በካሴት የላካችሁ ካላችሁ ጻፉልን፣ ልጆቹ ይወቁት። የቤታችሁን ዋይፋይ ኮድ ያልጠየቃችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ጠይቁ። ሰላም ሁኑልኝ።